የቆላው መንገድ፣ ጎማውና ጫማው

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ስለ ብስክሌት ነው። በተለይም ስለ ወፍራም ጎማው፣ ማውንቴን ስለምንለው ብስክሌት። የትኛው ዕቃው ቢቀየር አነዳዱ ይሻሻላል? እግራችን ላይስ ምን አድርገን ብንነዳ ይሻላል? የምናወራው ይህንኑ ነው።

የራያ ቆላ ለብስክሌት የተመቸ አገር ነው። ቆቦ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በምዕራብ የጊዳንና የላስታ ተራራ፣ በምሥራቅ የዞብል ሰንሰለት ይታያል፤ በመካከሉ ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚለማበት ሰፊ ሜዳ ተዘርግቷል። ሰው በእግሩ አንድ ሰዓት የሚሄደውን መንገድ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ በብስክሌት በ20 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጠዋትና ማታ እየተመላለሰ ለሚማር ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሜዳ ነው ማለት ግን መንገዱ ሁሉ ለብስክሌቱ ምቹ ነው ማለት አይደለም። ከአስፋልቱ ወረድ ስትሉ አሸዋው ይቀበላችኋል። እነ ሆርማትና ጎሊና የሚባሉት ወንዞች በክረምት ከተራራው ገፍተው ያመጡት ደለል ሜዳው ላይ ተነጥፏል፤ በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ደግሞ የወንዙ ሆድ ራሱ መንገድ ይሆናል። አሸዋውን ስታልፉ እሾህ፣ እሾሁን ስታልፉ ያ ቀጭን አቧራ፣ ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጎማ ላይ ተለጥፎ አልላቀቅ የሚለው ጥቁር ጭቃ አለ። ስለዚህ ብስክሌት ሲመረጥም፣ ዕቃው ሲቀየርም መለኪያው ይህ መሬት ነው። ካታሎግ ላይ ያለው ፎቶ ስለ ቆቦ የሚያውቀው ነገር የለም።

የማምንበትን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ገንዘባችሁ የተመጠነ ከሆነ፣ መጀመሪያ ብስክሌቱ መሬት የሚነካበትን ቦታ አሳምሩ፤ ቀጥሎ እናንተ ብስክሌቱን የምትነኩበትን። መሬት የሚነካው ጎማ ነው። እናንተን የሚነካው ፔዳሉ፣ ከፔዳሉ ጋር የሚገናኘው ጫማችሁና ኮርቻው ነው። በዚህ ላይ አስተማማኝ ፍሬን ይጨመር። የማርሹ ብዛት፣ የአሞርዛተሩ ማማር፣ የቀለሙ ድምቀት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ይህ አስተሳሰብ አዲስ አይደለም፤ ማውንቴን ብስክሌት ራሱ የተወለደው በዚሁ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ታማልፓይስ ተራራ አካባቢ የነበሩ ወጣቶች አሮጌና ከባድ ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ በጠጠር መንገድ ቁልቁል ይነዱ ነበር። አዲስ ብስክሌት የሚገዙበት ሱቅ አልነበራቸውም፤ እንዲህ ያለ ብስክሌት ገና አልተሠራምና። ወፍራም ጎማውን ይዘው፣ ፍሬኑን በተሻለ ተክተው፣ ማርሽ ጨምረው፣ ዕቃ በዕቃ እየቀየሩ አሻሻሉት። እ.ኤ.አ. በ1976 የጀመሩት ውድድር ስሙ ሪፓክ ይባል ነበር፤ ግሪስ ድጋሚ መሙላት ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ፍሬን እየጋለ በውስጡ ያለውን ግሪስ ስለሚያቃጥለው፣ ታች ሲደርሱ ፈተው አዲስ ግሪስ መሙላት ነበረባቸው። ፋብሪካዎች ማውንቴን ብስክሌት በብዛት ማምረት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ላይም የውድድር ዓይነት ሆነ። አሮጌ ብስክሌት በእጃችሁ ካለ እንግዲህ ጥሩ መነሻ አላችሁ።

ወደ ጎማው እንግባ። መናኸሪያ አካባቢ ከሚሠራ አንድ ጎሚስታ ዘንድ ያየሁትን ላካፍላችሁ። አንድ ተማሪ አዲስ ጎማ በትከሻው አንጠልጥሎ ብስክሌቱን እየገፋ መጣ።

«ጋሼ፣ 26 ነው ብለው ሸጡልኝ፤ ብስክሌቴም 26 ነው። ግን አልይዝ አለኝ፤ ይሰፋል።»

«እስኪ ወዲህ በል ልጄ።»

ሰውዬው ጎማውን ተቀብሎ የጎኑን አቧራ በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገና ትልቁን ጽሑፍ ትቶ ከሥሩ ያለውን ትንሽ ቁጥር አነበበለት። አዲሱ ጎማ ላይ 37-590 ይላል። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ ያለውን ያለቀ ጎማ አገላብጦ ፈለገ፤ እሱ ላይ ያለው 54-559 ነው። «አየህ፣ ሁለቱም 26 ናቸው፤ ግን ወንድማማች አይደሉም» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 26 የሚለው ኢንች ድሮ የተሰጠ ስም ነው፤ የጎማውን የውጭ ዲያሜትር በግምት ይናገራል እንጂ ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበትን ልክ አይነግራችሁም። እውነተኛው ልክ ከሰረዝ በኋላ ያለው ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ነው፤ በሚሊ ሜትር የተጻፈ ነው። የተለመደው ባለ 26 ማውንቴን 559 ነው። ባለ 26 ሆኖ 1 3/8 የሚል ቀጭን ጎማ ግን 590 ነው። በመካከላቸው 31 ሚሊ ሜትር ልዩነት ስላለ በጉልበትም በዘዴም አይገጥሙም። በ28ም ያው ነው፦ የድሮው ባለ ዘንግ ትልቅ ብስክሌት 28 በ1 1/2 ሲሆን ልኩ 635 ነው፤ 700 የሚባለው 622 ነው፤ አዲሱ 29 የሚባለው ማውንቴን ደግሞ ስሙ ይለይ እንጂ እሱም 622 ነው። 27.5 የሚባለው 584 ነው። ወደ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ያለቀውን ጎማችሁን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ይህን ቁጥር እጃችሁ ላይም ቢሆን ጽፋችሁ ሂዱ። ከወልድያ ወይም ከደሴ በሰው የምታስመጡ ከሆነማ ቁጥሩን ሳትልኩ ገንዘብ አትላኩ።

ከሰረዙ በፊት ያለው ቁጥር የጎማው ውፍረት ነው። ለአሸዋችን ከ50 እስከ 57 ያለው ጥሩ ነው፤ በኢንች ከ1.95 እስከ 2.25 መሆኑ ነው። ወፍራም ጎማ አሸዋውን ሰንጥቆ ከመስመጥ ይልቅ በላዩ ላይ ይተኛል። ነገር ግን ጎማው በሹካውና በፍሬኑ መሃል ሲያልፍ በሁለቱም ጎን ቢያንስ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት እንዲተርፈው ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የክረምቱ ጭቃ ይቆልፈዋል። ጥርሱንም እዩ። ትልልቅና የተራራቀ ጥርስ ያለው ጎማ ለጭቃ ጥሩ ነው፤ ከቆቦ እስከ ጎብዬ በአስፋልት ለሚመላለስ ሰው ግን ይጎትታል፣ ይጮኻል፣ ቶሎም ያልቃል። አስፋልቱንም የእግር መንገዱንም ለሚነዳ፣ መሃሉ ላይ ትንንሽና የተቀራረበ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ከፍ ያለ ጥርስ ያለውን እመርጥለታለሁ።

አሁን ስለ እሾህ። የግራሩንና የቁርቁራውን እሾህ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ትልቅ ስለሆነ በዓይን ይታያል፣ ይሸሻል። የብስክሌት ዋና ጠላት ግን መሬት ለመሬት የሚሳበው ኩርንችት ነው። ፍሬው ሲደርቅ ይፈረካከሳል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ጠንካራ ቀንዶች ስላሉት እንዴትም ቢወድቅ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ይቆማል። መስኩ ሲደርቅ የእርሻ ዳር መንገዱ ሁሉ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ተሳስታችሁ ጠርዙን ስትረግጡ ካላማዳሪው ላይ በርካታ ቀዳዳ ሊያወጣባችሁ ይችላል።

መከላከያው ውድ አይደለም። ያረጀ ካላማዳሪ ፈልጉ። ቫልቩን ቆርጣችሁ ጣሉት፤ ላስቲኩን ከውስጠኛው ጎን በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ዘርጉትና በጎማውና በአዲሱ ካላማዳሪ መካከል አንጥፉት። ጫፍና ጫፉ ሲገናኝ አንዱ በሌላው ላይ ጥቂት ይደረብ። በዚህ ጊዜ የተቆረጠው ጠርዝ አዲሱን ካላማዳሪ እያሸ እንዳይበላው የሕፃናት ፓውደር ነስነስ አድርጉበት። ብስክሌቱ ትንሽ ይከብዳል፤ ግድ የለም። ትምህርት ቤት ሳይደርሱ መንገድ ላይ ከመቅረት ይሻላል። ቀዳዳ ከውስጥ የሚደፍን ፈሳሽም ይሸጣል፤ ለትንሽ እሾህ ይሠራል፤ ሙቀቱ ግን በወራት ውስጥ ስለሚያደርቀው እየታደሰ መሄድ አለበት። ካላማዳሪ የሌለው ጎማ የሚሉት አዲሱ ዘዴ ግን የራሱን ቸርኬና የራሱን ፈሳሽ ይፈልጋል፤ ፈሳሹን እዚሁ እንደልብ እስክናገኝ ድረስ እንድትገቡበት አልመክርም።

ከተበሳ በኋላስ? ካላማዳሪውን አውጥታችሁ ስትነፉት ቀዳዳው ራሱ ምን እንደደረሰበት ይነግራችኋል። ከውጭ በኩል አንድ ነጥብ ከሆነ እሾህ ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ስንጥቆች ከሆኑ ጥፋቱ የእሾህ አይደለም፤ ነፋሱ አንሶ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪው በቸርኬው ተቆንጥጧል። ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የሽቦው ጫፍ ወጥቶ እየወጋው ነው፤ ቸርኬው ላይ የሚነጠፈው ላስቲክ ተበልቷልና እሱን ቀይሩ። ብዙ ሰው የሚረሳው ከሁሉ የሚበልጥ ነገር አለ፦ ልጣፊውን ለጥፋችሁ ከመመለሳችሁ በፊት በጎማው ውስጥ ዙሪያውን በጣታችሁ ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ጣታችሁ እንዳይወጋ ጥጥ ወይም የነጠላ ጫፍ ያዙ፤ ጥጡ የተጠለፈበት ቦታ እሾሁ ያለበት ነው። ጫፉ በፒንሳ ካልወጣ፣ ያን ዕለት ማታ ያው ቀዳዳ ይመለሳል። ማስቲሹንም ቀብታችሁ ወዲያው አትለጥፉ፤ ላዩ ደብዝዞ ጣት እስከማይዝ ድረስ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቅ።

የቫልቩ ነገር ደግሞ ይህ ነው። ካላማዳሪ ስትገዙ እንደ መኪናና እንደ ባጃጅ ጎማ ወፍራም ቫልቭ ያለውን ያዙ። የቀጭኑ ቫልቭ አፍ የጎሚስታውን ማሽን አይቀበልም። በማሽን ስታስሞሉ ግን በጥቂቱ እያስቆማችሁ ይሁን፤ የብስክሌት ጎማ የሚይዘው ነፋስ ትንሽ ስለሆነ በአፍታ ሞልቶ ይፈነዳል። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል። ባለ 2.1 ጎማ ላይ 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው ያለ ጭነት ሲነዳ 35 ፒኤስአይ አካባቢ ይመቸዋል፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ ግን አይውረድ። ኋላ ላይ 20 ሊትር ውኃ በጀሪካን ወይም ያን ያህል የሚመዝን ሽንኩርት ከተጫነ ግን የኋላውን ከፍ አድርጉት። ረጅም የአሸዋ መንገድ ከገጠማችሁ ጥቂት ቀንሱ፤ አስፋልት ስትወጡ መልሱት። ለዚህ ነው አንድ ትንሽ የእጅ ፖምፓ ከሁለት አዲስ ማርሽ ትበልጣለች የምለው።

ስለ አሞርዛተር ባጭሩ። ፊቱ ላይ ስፕሪንግ ያለው ብስክሌት ያምራል፤ ልጆች መጀመሪያ የሚያዩትም እሱን ነው። ጥሩ አሞርዛተር ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ እጅን ያሳርፋል። ርካሹ ግን ከባድ ነው፤ ውስጡ አቧራ ሲገባ ይደርቃል፣ ይንቀጫቀጫል፤ መለዋወጫውም አይገኝም። ኋላውም ፊቱም ስፕሪንግ ያለው ርካሽ ብስክሌት ደግሞ የጉልበታችሁን ድርሻ ይበላል፤ ፔዳሉን በረገጣችሁ ቁጥር ብስክሌቱ ይዘላል እንጂ አይሄድም። ለዚህ ሜዳ ቀጥ ያለ የብረት ሹካና ወፍራም ጎማ ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለፍሬን አድርጉት።

ፍሬን ስትመርጡ የቸርኬውን ብረት እዩ። የሚያብረቀርቅ የብረት ቸርኬ በደረቅ ጊዜ ያቆማል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ላስቲኩ ላዩ ላይ ይንሸራተታል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በዝናብም በጣም ይሻላል። አሸዋ ደግሞ ሁለቱንም ይበላል። የፍሬኑን ላስቲክ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ እዩት፤ በውስጡ የተቀረቀረ ጠጠር ወይም የሚያብለጨልጭ የብረት ቅንጣት ካለ በመርፌ አውጡት፤ ካልወጣ ቸርኬውን ይፍቀዋል። የዲስክ ፍሬን ለጭቃና ለአሸዋ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ከመሬት ከፍ ብሎ መሃል ላይ ስለሚይዝ ነው። ካስገባችሁት ግን በሽቦ የሚሳበውን ምረጡ። በዘይት የሚሠራው ለስላሳ ቢሆንም የራሱ ዓይነት ዘይት አለው፤ አንዱ ፋብሪካ የማዕድን ዘይት፣ ሌላው የመኪና ፍሬን ዘይት ዓይነት ይጠቀማል፤ ከተቀላቀለ ጎሚኒዎቹ ይበላሻሉ። የሽቦው ቢበጠስ ግን ገመዱ በየትም ይገኛል።

ማርሽ ላይ ስንመጣ፣ ቁጥር እያዩ መግዛት ሰውን ያሳስታል። ባለ 21 ማርሽ ማለት 21 የተለያየ ጉልበት ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ እርስ በርስ ይደራረባሉ። ዋናው ትንሹና ትልቁ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍሉት። ፊት 42፣ ኋላ 14 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ ባለ 26 ማውንቴን ከሆነ ከ6 ሜትር በላይ ይሄዳል። ይህ ለአስፋልቱ ሜዳ ነው። ፊት 24፣ ኋላ 28 ሲሆን ግን አንድ ዙር ከ1.8 ሜትር አያልፍም፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ዳገት ይወጣል። ወልድያ የምትገኘው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከቆቦ ተነስቶ ወልድያ የሚገባ ሰው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ከ600 ሜትር ያላነሰ መውጣት አለበት፤ ለእሱ ትንሿ ማርሽ ሕይወቱ ናት። ሜዳው ላይ ብቻ ለሚመላለስ ሰው ግን አንድ ማርሽ ያለው ጠንካራ ብስክሌት ጥገናው ያነሰ፣ ዕድሜው የበዛ ነው፤ ማርሽ ስለሌለው ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ከማርሹ ይልቅ ዓይናችሁን ቼይኑ ላይ አድርጉ። ቼይን አቧራና ዘይት ሲቀላቀልበት እንደ ሞረድ ሆኖ የገዛ ሚስማሮቹን ይሞርዳል፤ ይረዝማል፤ ሲረዝም ደግሞ የማርሹን ጥርስ ይበላል። መለኪያው የተማሪ ማስመሪያ ነው፤ ባለ 12 ኢንቹ። ዜሮውን አንዱ ሚስማር መሃል ላይ አድርጉና ከእሱ በኋላ 24ኛውን ሚስማር እዩ። አዲስ ከሆነ ልክ 12 ላይ ያርፋል። 1.6 ሚሊ ሜትር ያህል ካለፈ ቼይኑ ብቻ ይቀየር። 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ዘግይታችኋል፤ የኋላው ጥርስም አብሮ ይቀየራል፤ ወጪው ያን ጊዜ ነው የሚበዛው። ዘይቱን በተመለከተ፣ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡበት፤ የብረት ብናኝ ያለበት ስለሆነ ይበላዋል። ቼይኑን በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፤ ንጹሕ የሞተር ዘይት በየመጋጠሚያው ጠብ ጠብ አድርጉ፤ ከዚያ ላዩን ደረቅ እስኪሆን ጥረጉት። ዘይት የሚፈለገው ከውስጥ ነው፤ ላዩ ላይ የቀረው አቧራ መጥሪያ ነው።

እንግዲህ ወደ እግራችን እንውረድ። ብስክሌት ላይ ጉልበት ሁሉ የሚያልፈው በእግር መዳፍ በኩል ነው። ከጣቶቹ ሥር ያለው ወፍራሙ የመዳፍ ክፍል ልክ በፔዳሉ ዘንግ ላይ ሲያርፍ ነው ጉልበት ሳይባክን የሚሄደው። በተረከዝ የሚረግጥ ሰው ቶሎ ይደክማል፣ ጉልበቱንም ሊያመው ይችላል። ይህን አረጋገጥ ጫማው ሊያግዘው ይገባል።

ነጠላ ጫማ ለብስክሌት ፈጽሞ አይሆንም። ተረከዝን የሚይዝ ነገር የለውም፤ ጣት እሱን ለመያዝ ሲጨነቅ እግር ይደክማል፤ አንድ ቀን ደግሞ ከፔዳሉ ሾልኮ ይወድቃል፤ እሱን ለማንሳት ጎንበስ ያለ ልጅ መኪና ፊት ይገኛል። የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ ተረከዙን ስለሚይዝ ይሻላል፤ ሙቀቱ ሲበረታ ግን እግር በላብ ውስጡ ይንሸራተታል። ሸራ ጫማ ልብ የሚያሳስት ነው፤ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሶሉ ቀጭን ስለሆነ የፔዳሉ ብረት መዳፍ ላይ ይሰማችኋል፤ ስትወርዱም የቁርቁራው እሾህ ያልፈዋል። በርባሶ ግን አትናቁት። ከመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው፤ ሶሉ አይታጠፍም፣ እሾህ አያልፈውም፣ ፔዳል ላይ ይጣበቃል። ጉድለቱ ጣት ክፍት መሆኑ ነው፤ ድንጋይ ሲያጋጥም ጣት ይመታል። ከኋላ ጠንካራ ማሰሪያ ካለው ለአጭር መንገድ ተቀብየዋለሁ።

ከተቻለ ግን ጠፍጣፋ የጎማ ሶል ያለው ድፍን ስኒከር ነው የምመርጥላችሁ። አዲስም ይሁን ልባሽ፣ ስትገዙ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ እጠፉት። ከጣቱ አካባቢ ጥቂት መታጠፍ አለበት፤ መሃሉ ላይ ከተጣጠፈ ግን ፔዳሉ መዳፋችሁን ያሳምማል፤ አስቀምጡት። ሶሉን በጥፍራችሁ ተጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀ ያንሸራትታል። ለሩጫ የተሠራ ወፍራም ስፖንጅ ሶል ያለውም ጉልበታችሁን ይመጥጣል፤ ታኬታ ደግሞ ፔዳል ላይ አያርፍም። የጫማውን ልክ ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፤ በእኛ ሙቀት እግር ወደ ማታ ያብጣልና ጠዋት የሆነው ማታ ይጠባል። ገመዱ ረጅም ከሆነ ቋጠሮውን ወደ ውጭ በኩል አድርጋችሁ ጫፉን ጫማው ውስጥ ክተቱት፤ ቼይኑ በቀኝ እግር የውስጥ ጎን በኩል ነው።

የብስክሌት ጫማ የሚባለውን፣ ከሥሩ ብረት ኖሮት ፔዳሉ ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆለፈውን በቴሌቪዥን አይታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈው ኢትዮጵያዊ፣ የመቐለው ጽጋቡ ግርማይ፣ የነዳው በእንዲህ ያለ ጫማ ነው። ለረጅም አስፋልት ውድድር ወደር የለውም። የእኛ ነገር ግን ሌላ ነው። አሸዋ ሲይዘን ድንገት እግር ማውረድ አለብን፤ ፍየል ስትሻገር፣ ግመል ከፊት ሲቆም እንደዚሁ። ብረቱ ውስጥ ደለል ሲገባ ደግሞ አልፈታም ይላል። ያለዚህ ጫማ መወዳደርም ይቻላል፦ አገራችን በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከሯጮቹ ጎን እነ ገረመው ደንቦባ በብስክሌት ተወዳድረዋል፤ ያን ጊዜ ይህ የሚቆለፈው ፔዳል ገና ገበያ ላይ አልነበረም። ተወዳዳሪዎች እግራቸውን የሚያስሩት በጠፍር ነበር።

ስለዚህ ጫማውን ሳይሆን ፔዳሉን ቀይሩ። አዲስ ብስክሌት ላይ የሚመጣው ጠባብ የፕላስቲክ ፔዳል ቶሎ ይሰበራል፤ ጫማም አይዝም። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ላዩ ላይ አጫጭር ጥርስ ያለው የአሉሚኒየም ወይም የጠንካራ ፕላስቲክ ፔዳል ግዙ። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ብዙ ብስክሌት በዚህ ሲበላሽ አያለሁና። ሁለቱ ፔዳሎች አንድ አይደሉም። ዘንጋቸው ላይ ኤል ወይም አር የሚል ፊደል ተመትቶባቸዋል፤ ኤል የግራ፣ አር የቀኝ ነው። የቀኙ እንደማንኛውም ቡሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። ይህን ሳያውቁ በቁልፍ የሚታገሉ ሰዎች የፔዳሉን ክንድ ጥርስ ይፈጩታል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ሙሉ ክንዱን መቀየር ነው። መጀመሪያ በጣት አስገቡት፤ በጣት ካልሄደ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ጥርሱ ላይ ጥቂት ግሪስ ከቀባችሁት ከዓመት በኋላም ያለ ጠብ ይፈታል።

ፔዳሉና ጫማው ሲቀየር የኮርቻው ከፍታ አብሮ ይለወጣል፤ ወፍራም ሶል እግርን ያስረዝማልና። የምትነዱበትን ጫማ አድርጋችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፤ ተረከዛችሁን ዝቅ ባለው ፔዳል ላይ አድርጉ። ጉልበታችሁ ቀጥ ካለ ልክ ነው፤ በመዳፋችሁ ስትረግጡ ጥቂት እጥፍ ይላል። ብዙዎቻችን ሁለቱም እግራችን መሬት እንዲደርስ ብለን ኮርቻውን እናወርደዋለን፤ ጉልበት የሚታመመው በዚህ ነው። ወደ ላይ ስትስቡት ግን ቧንቧው ላይ የተሰመረችውን ወሰን አትለፉ።

እህቶቻችንና እናቶቻችን፣ ሽርጥ የምትታጠቁም ወንዶች፣ ለእናንተ አንድ ዕቃ ልጨምር። ልብስ በቼይን ወይም በኋላው ጎማ ሽቦ ሲያዝ አወዳደቁ ክፉ ነው። ቼይኑን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የቆርቆሮ ክዳን አለ፤ የድሮዎቹ ብስክሌቶች ላይ ይመጣ ነበር፤ አሁንም ለብቻው ይገኛል። ከሌለ ከዘይት ቆርቆሮ የሚያበጅ ባለሙያ አይጠፋም። የኋላውን ጎማ የላይኛውን ግማሽ በጎንና በጎን በመረብ ወይም በተሸመነ ገመድ ሸፍኑት፤ ፓራፋንጎው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ በስቶ ከዘንጉ ጋር ማሰር ይቻላል። መሃሉ ዝቅ ያለ ብስክሌት ከተገኘ ለቀሚስ እሱ ነው። ልጅቷ ሳትሰቀቅ ወጥታ ሳትሰቀቅ የምትወርድበት ብስክሌት ካገኘች፣ ትምህርት ቤቷ ሩቅ መሆኑ ብዙም አያሳስባትም፤ አባቷም እምቢ የሚልበት ምክንያት ያንሰዋል።

የጭነቱን ነገርም ሳላነሳ አልለፍ። ጭነት የሚሸከመው የኋላው ጎማ ስለሆነ ሽቦው የሚበጠሰው እዚያ ነው። አንድ ሽቦ ሲበጠስ ሌሎቹ ክብደቱን ይካፈላሉ፤ ሳትጠግኑ ከቀጠላችሁ ተከታትለው ይበጣጠሳሉ፣ ቸርኬውም ይጣመማል። በየጊዜው ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን በጣታችሁ ጨበጥ ጨበጥ አድርጓቸው፤ የላላው ራሱ ይታወቃል። ለጭነትም ታስቦ የተሠራ ብስክሌት በዓለም ላይ አለ፤ ለአፍሪካ ገጠር ተብሎ የተሠራውና ቡፋሎ የሚባለው ብስክሌት የኋላ መጫኛው 100 ኪሎ ይችላል፤ ራሱ ግን ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የእኛ ተራ ማውንቴን ላይ የሚገጠመው ቀጭን መጫኛ ብዙውን ጊዜ 25 ኪሎ የሚል ጽሑፍ አለበት። ጀሪካኑ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ጀሪካን ይችላል፣ ሁለት አይችልም። ጭነቱ ከኮርቻው ራቅ ብሎ ወደ ኋላ ካለፈ የፊት ጎማው አሸዋ ላይ እየቀለለ መሪው አልታዘዝ ይላል፤ ስለዚህ ገመዱን ሳብ አድርጋችሁ ጭነቱን ወደ ኮርቻው አስጠጉት። ከጨለማ በፊት ካልገባችሁ ደግሞ ከመጫኛው ኋላ ቀይ አንጸባራቂ ይኑር፤ በአስፋልቱ ላይ በሌሊት የሚያልፈው ከባድ መኪና፣ ጀሪካኑ ስለሚጋርዳችሁ፣ እናንተን አያይም።